ከግድቡ ግርጌ የሚወጣውን ውሃ አይድፈኑት

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ከሁለት ዓመት በፊት በጆርጂያ ግዛት፣ ከአትላንታ በስተሰሜን ምሥራቅ 30 ኤከር (12 ሄክታር ያህል) መሬት ገዛን። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠራ የአፈር ግድብና 5 ኤከር ያህል ስፋት ያለው ኩሬ አለው። ግድቡ 18 ጫማ ከፍታ ሲኖረው፣ ውሃው ከአናቱ 2 ጫማ ዝቅ ብሎ ይቆማል። በሰነዱ መሠረት 200 ኤከር ያህል መሬት ወደ ኩሬው ይፈስሳል። ልጆቻችን ዓሣ ያጠምዱበታል፤ በበዓል ቀን ዘመድ ወዳጅ ይሰበሰብበታል፤ መኪናም በግድቡ አናት ላይ ይቆማል። ባለፈው መጋቢት በግድቡ ማዶ፣ የውሃ ማስወጫው ቱቦ ከሚያበቃበት ሦስት ሜትር ያህል ርቆ መሬቱ ረጠበ፤ አሁን ቀላ ያለ ውሃ ይወጣል። ማሽን ያለው ጎረቤታችን ሸክላ አፈር አምጥቼ ልድፈነው ይላል። ሌላው ሰው ምንጭ ነው፣ ተዉት ብሎናል። እኛ ደግሞ ለጀልባ እንዲመች ውሃውን በ2 ጫማ ከፍ ልናደርግ አስበናል፤ ዓሣው እንዳያመልጥም ማስተንፈሻው (ቱቦው የማይችለው ጎርፍ የሚወጣበት ክፍት ቦታ) ላይ ሽቦ ወንፊት አጥብቀናል። ግድቡ ከ60 ዓመት በላይ ቆሟል፤ ከታች ግማሽ ማይል ላይ አዲስ ቤቶች ቢሠሩም ከመንግሥት የደረሰን ደብዳቤ የለም። ምን ይመክሩናል?»

እርጥቡን ቦታ በሸክላ አይድፈኑት፤ ውሃውን ከፍ አያድርጉ፤ ሽቦውን ዛሬውኑ ያንሱት። ምክንያቱን ለማስረዳት በመጀመሪያ ውሃው ራሱ ምን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል።

የአፈር ግድብ ሁሉ ያሰርጋል። ውሃ የማያሳልፍ የሚባለው ሸክላ እንኳ በዝግታ ያሳልፋል፤ ስለዚህ በግርጌው እርጥበት መታየቱ ብቻውን ግድቡ ሊፈርስ ነው አያሰኝም። በትግራይ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተሠሩት ትናንሽ ግድቦች ውስጥ በመሠረታቸው በኩል ብዙ ውሃ እያሰረጉ፣ ለመስኖ የታሰበውን መጠን እየቀነሱ፣ ነገር ግን ሳይፈርሱ የቆሙ ብዙ ናቸው። መጠየቅ ያለበት ውሃው ይወጣል ወይ የሚለው ሳይሆን፣ ሲወጣ አፈር ይዞ ይወጣል ወይ የሚለው ነው። አፈር ይዞ የሚወጣ ከሆነ መሸርሸሩ የሚጀምረው ውሃው ከሚወጣበት ጫፍ ነው። አንድ እፍኝ አፈር ሲሄድ ትንሽ ጉድጓድ ይቀራል፤ ውሃው ወደዚያ ጉድጓድ የሚሄደው መንገድ ስለሚያጥር ኃይሉ ይጨምራል፤ ጉድጓዱም ወደ ኩሬው እየቀረበ ወደ ውስጥ ያድጋል። በመጨረሻ ኩሬውን ሲያገኝ ቦዩ በሰዓታት፣ አንዳንድ ጊዜም በደቂቃዎች ውስጥ ይሰፋል። ከላይ ሆኖ ሣሩንና አናቱን ለሚያይ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው በእውነት እንዲህ ያለው ነው።

ከዚህ አንጻር መድፈኑ ለምን ጉዳት እንደሆነ ግልጽ ይሆናል። በመውጫው ላይ ሸክላ ሲጫንበት ውሃው ከኩሬው መምጣቱን አያቆምም፤ መውጫ ስለሚያጣ በግድቡ ውስጥ ይጠራቀማል፤ የውስጡ ግፊት ይጨምራል፤ ደረቅ የነበረው የግድቡ ክፍልም ይርሳል። የረሰረሰ አፈር ደግሞ የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። ከዓመታት በፊት ያየሁት አንድ የግል ግድብ ላይ ባለቤቱ እንደ እርስዎ ጎረቤት አስቦ ሁለት ገልባጭ መኪና ሸክላ አስደፍቶ በማሽን አስጠቀጠቀ። ለጥቂት ቀን ደረቀ። በሦስተኛው ሳምንት ውሃው ከፊተኛው ቦታ አራት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በተዳፋቱ ወገብ ላይ ወጣ፤ ከዝናብ በኋላም የተዳፋቱ አንድ ክፍል፣ ሣሩ እንደ ለበሰ፣ ወደ ታች ተንሸራተተ። ያንን ግድብ ያተረፈው ኩሬው በዚያው ሌሊት እንዲጎድል መደረጉ ነው። ትክክለኛው መፍትሔ የሸክላ ተቃራኒ ነው፦ አፈሩን አጥልሎ የሚያስቀርና ውሃውን የሚያሳልፍ ተመጣጣኝ አሸዋ፣ በላዩም ጠጠር። ውሃው እንዲወጣ ይፈቀድለታል፤ አፈሩ እንዳይወጣ ይከለከላል።

«ምንጭ ነው» ያሉዎት ሰው ተሳስተውም ልክ ሆነውም ሊሆን ይችላል፤ ግን ይህ በአስተያየት የሚታወቅ ነገር አይደለም። የኩሬው ውሃ ከፍ ሲል መጠኑ የሚጨምር፣ ሲጎድል የሚቀንስ ከሆነ ከኩሬው የሚመጣ ነው። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው አነስተኛ ቦይ ቆፍሮ ውሃውን በአንድ አጭር የላስቲክ ቱቦ ማሳለፍና አንድ ጀሪካን በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ መለካት ነው። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ይለኩ፤ ከጎኑ የኩሬውን ከፍታና የዘነበውን ዝናብ ይጻፉ። ቦዩን ሲቆፍሩ ከግድቡ እግር ራቅ ብለው፣ ውሃው ከወጣ በኋላ በሚፈስበት መሬት ላይ ይሁን፤ የግድቡን እግር ራሱን አይንኩት።

ስለ ቀይ መልኩ ደግሞ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮች አንድ ዓይነት መልክ ይሰጣሉ። በሰሜን ጆርጂያ አፈሩ ቀይ ስለሆነ ታጥቦ የሚወጣ አፈር ውሃውን ያቀላል፤ ይህ አደገኛው ነው። በሌላ በኩል ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ውሃ በብረት ማዕድን የበለፀገ ሲሆን፣ በብረት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ዝገት የሚመስል ብርቱካናማ ዝቃጭ ይሠራሉ፤ በውሃው ላይም ዘይት የመሰለ ቀጭን ሽፋን ይታያል። ሽፋኑን በእንጨት ሲነኩት እንደ ቀጭን መስታወት ተሰባብሮ የሚለያይ ከሆነ ከባክቴሪያው ነው፤ ዘይት ቢሆን ተመልሶ ይገጥማል። ለውሃው ግን የተሻለው መለያ ንጹሕ ጠርሙስ ነው። ዝናብ ባልዘነበበት ቀን፣ ታቹን ሳያደፈርሱ ከመውጫው ቀድተው በመስኮት ዳር ሌሊቱን ያሳድሩት። ጠዋት ታች የተቀመጠውን በጣትዎ ቢያሹትና እንደ ዱቄት ወይም እንደ አሸዋ የሚሻክር ከሆነ፣ ያ ከግድብዎ የወጣ አፈር ነው። እንደ ጥጥ የሳሳ፣ ሲነቀነቅ የሚንሳፈፍና ምንም የማይሻክር ከሆነ የብረቱ ዝቃጭ ሊሆን ይችላል። ጠርሙሱን በቀን ምልክት አድርገው ያስቀምጡት፤ የሚመጣው መሐንዲስ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥርጣሬዬ ልምጣ። እርጥቡ ቦታ ከቱቦው መጨረሻ ሦስት ሜትር ብቻ ነው የራቀው፤ ይህ በአጋጣሚ የሚታይ ርቀት አይደለም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በደቡባዊው አሜሪካ የተሠሩ የእርሻ ኩሬዎች አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሚያስወጡት እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ በተሸነሸነ የብረት ቱቦ ነው፦ አንዱ ኩሬው ውስጥ ቆሞ ከላይ የሚተርፈውን ውሃ ይቀበላል፤ ሌላው ከሥሩ ተነሥቶ በግድቡ ውስጥ አልፎ ወደ ማዶ ያወጣል። እንዲህ ያለ ቱቦ እንደ ውሃውና እንደ አፈሩ ጠባይ ከ25 እስከ 50 ዓመት ያገለግላል፤ የእርስዎ ተቀይሮ ካልሆነ ዕድሜውን ጨርሷል። ሲዝግ ከታች፣ ሁልጊዜ ውሃ በሚተኛበት በኩል ይበሳል። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ይሆናል፦ ወይ የግድቡ አፈር በቀዳዳው ወደ ቱቦው ይገባና ከውሃው ጋር ይሄዳል፣ ወይ ቱቦው ሲሞላ ውሃ በቀዳዳው ወጥቶ ከቱቦው ውጭ ለራሱ መንገድ ያበጃል። ከዚህም በላይ ቱቦው ቢያገለግል እንኳ ከሥሩና ከጎኑ ያለውን አፈር በማሽን በደንብ መጠቅጠቅ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ የቱቦው ዙሪያ ከግድቡ ሁሉ ደካማው መስመር ነው። የዱሮዎቹ ሠሪዎች ይህን ለመከላከል በቱቦው ዙሪያ የኮንክሪት ወይም የብረት አንገትጌ ያስሩ ነበር፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን አንገትጌው ውሃውን እንደማያቆመው ስለታወቀ፣ የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ አገልግሎት በምትኩ ቱቦውን የሚከብ የአሸዋ ማጥለያ እንዲደረግ ወስኗል። የእርስዎ ግድብ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው።

ኩሬው ከቱቦው አፍ በታች በሚሆንበት ደረቅ ወቅት ከማዶ በኩል ሆነው በጠንካራ ባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ወደ ቱቦው ግን አይግቡ፤ ሰውም አያስገቡ። የላይኛው አፍ ውሃ በማይቀበልበት ቀን ቱቦው ውስጥ ውሃ እየወረደ ከሆነ፣ ያ ውሃ በቀዳዳ ገብቷል ማለት ነው። በግድቡ አናት ወይም በተዳፋቱ ላይ፣ ከቱቦው መስመር በላይ፣ ትንሽ ድስት የሚያክል እንኳ የሰመጠ ቦታ ካገኙ ከዚህ ጽሑፍ ንባብ ተነሥተው ለግድብ መሐንዲስ ስልክ ይደውሉ።

«60 ዓመት ቆሟል» የሚለውን ክርክር በየሳምንቱ እሰማለሁ፤ ለቤት መሠረት ሊሠራ የሚችል ክርክር ነው፣ ለአፈር ግድብ ግን አይሠራም። ቱቦው በየዓመቱ ይዝጋል፤ የዛፉ ሥር ይረዝማል፤ ደለሉ ይሞላል፤ ከታች ያለው ባዶ መሬትም ሰፈር ይሆናል። ለዚህ ጆርጂያ ራሷ የምታውቀው ምሳሌ አላት። በቶኮዋ ከተማ አጠገብ የነበረው የኬሊ ባርንስ ግድብ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለኤሌክትሪክ ኃይል ከድንጋይና ከእንጨት ተጀምሮ በኋላ በአፈር እየተጨመረበት ያደገ ነበር። በ1957 ኃይል ማመንጨቱ ሲቆም ኩሬው መዝናኛ ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 5 ቀን 1977 ምሽት ከባድ ዝናብ ዘነበ፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ግድቡ ፈረሰ፤ ከሥሩ ያለውን የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ግቢ ጎርፉ ጠራርጎ 39 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ተኝተው ነበር። የመረመረው የፌዴራል ቡድን አንድ ብቸኛ ምክንያት ለመወሰን አልቻለም፤ ያገኘው የተጠራቀመ ነገር ነው፦ እጅግ ቀጥ ያለ የማዶ ተዳፋት፣ ከዓመታት በፊት ተንሸራትቶ ያልተጠገነ ቦታ፣ ስርገት፣ የበቀሉ ዛፎች፣ በሥሩ የቀረ አሮጌ ቱቦ። እያንዳንዱ ብቻውን ሲታይ «የቆየ ነገር ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነበር።

የጆርጂያ የግድቦች ደኅንነት ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ በ1978 ነው፤ እርስዎ ደብዳቤ ያልደረሰዎትም በዚህ ሕግ አቀራረጽ ምክንያት ነው። ሕጉ የሚመለከተው 25 ጫማና ከዚያ በላይ ከፍታ ያለውን፣ ወይም 100 ኤከር ጫማና ከዚያ በላይ ውሃ መያዝ የሚችለውን ግድብ ነው። አንድ ኤከር ጫማ 1,233 ሜትር ኩብ ያህል ነው። የእርስዎ ኩሬ በተለመደው ግምት፣ ማለትም የውሃው ስፋት በግድቡ አጠገብ ባለው ጥልቀት ተባዝቶ ከዚያ አራት አሥረኛው ሲወሰድ፣ 32 ኤከር ጫማ ወይም 39,000 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል፤ እስከ አናቱ ቢሞላም ከ45 አይበልጥም። ስለዚህ ግድቡ ከሕጉ ወለል በታች ሆኖ ነው እንጂ ተመርምሮ ደኅና ነው ተብሎ አይደለም። 39,000 ቶን ውሃ ግማሽ ማይል ብቻ ከራቁ ቤቶች በላይ ቆሟል፤ ግድቡ ቢፈርስ ለሚደርሰው ጉዳት የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ይህን እንደማይሸፍን አስበው፣ ውሉን ይዘው የኢንሹራንስ ወኪልዎን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ውሃውን በ2 ጫማ ከፍ ማድረግ ማለት ያለዎትን ትርፍ ከፍታ በሙሉ መጨረስ ማለት ነው። ቁጥሩን እንመልከት። 200 ኤከር 81 ሄክታር ገደማ ነው። በዚህ ላይ በጥቂት ሰዓት 100 ሚሊ ሜትር ቢዘንብና ግማሹ ወደ ኩሬው ቢወርድ 40,000 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ይህ ኩሬዎ ሞልቶ ከሚይዘው ጋር እኩል ነው። ምንም ባይወጣ ኩሬው በ2 ሜትር ገደማ ከፍ ይል ነበር፤ እርስዎ ያለዎት 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ልዩነቱን የሚያስወጡት ቱቦውና ማስተንፈሻው ብቻ ናቸው። የአፈር ግድብ በአናቱ ላይ ውሃ እንዲፈስበት አልተሠራም፤ ከፈሰሰበት ከማዶ በኩል እየተቦረቦረ ይቆረጣል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1994 አልቤርቶ የተባለው አውሎ ነፋስ ዝናብ በጆርጂያ ላይ በቆመባቸው ቀናት ከ200 በላይ ግድቦች ፈርሰዋል፤ አብዛኞቹ እንደ እርስዎ ያሉ ትናንሾች ነበሩ። ሽቦ ወንፊቱን አንሱት ያልኩትም ለዚህ ነው፦ ዓሣ የሚያስቀር ወንፊት በመጀመሪያው ጎርፍ ቅጠልና ቅርንጫፍ ያስቀራል፤ ማስተንፈሻዎም በሚፈለግበት በዚያች ሰዓት ግድግዳ ይሆናል። የሚያመልጠው ዓሣ በሌላ ዓሣ ይተካል፤ ካስፈለገም ይገዛል። በአናቱ ላይ መኪና ማቆምም ይቅር፤ ጎማ የቆፈረው መስመር ዝቅተኛ ቦታ ይሆናል፤ ውሃ ቢያልፍ መጀመሪያ የሚያልፈው በዚያ ነው።

ስለ ዛፎች አልጠየቁኝም፤ ሆኖም በዚህ ዕድሜ ያለ ግድብ ዛፍ እንደማያጣ ስለማውቅ ልጨምር። ሥር አፈር ያስራል የሚለው ለተራራ ዳር እውነት ነው፤ ለግድብ ግን ሥሩ የውሃ መንገድ ነው፣ ሲሞትም ባዶ ቱቦ ይሆናል፣ ነፋስ ዛፉን ሲነቅለውም ትልቅ ጉድጓድ ይዞ ይሄዳል። ክንድ የማያክለውን ቁጥቋጦ ከመሬት እኩል ይቁረጡ። ትልልቁን ግን መሐንዲሱ ሳያይ አይቁረጡ፤ ጉቶው ከነሥሩ ወጥቶ ቦታው በተጠቀጠቀ አፈር ካልተሞላ፣ ቆርጦ መተው ችግሩን ከአሥር ዓመት በኋላ እንዲመጣ ማቆየት ነው።

ጠርሙሱና መብራቱ የቱቦውን መበላሸት ካረጋገጡ በፊትዎ የሚቀሩት መንገዶች ጥቂት ናቸው። ርካሹ በአሮጌው ቱቦ ውስጥ አዲስ የፕላስቲክ ቱቦ አስገብቶ መሀሉን በሲሚንቶ መሙላት ነው፤ ቱቦውን ያድናል፣ ግን ከቱቦው ውጭ የተፈጠረውን ባዶ ቦታ አይሞላም፣ የቱቦው ስፋትም ስለሚጠብ ጎርፍ የማስወጣት አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ በመውጫው በኩል የአሸዋ ማጥለያ ካልታከለበት አልመክረውም። ሁለተኛው ኩሬውን ባዶ አድርጎ ግድቡን በቱቦው መስመር ቆርጦ ከፍቶ፣ አዲስ ቱቦ ከነማጥለያው ተክሎ፣ አፈሩን በስስ በስሱ እየጠቀጠቁ መመለስ ነው፤ ውድ ነው፣ አንድ ደረቅ ወቅት ይወስዳል፣ ወንዙንና ረግረጉን ስለሚነካም ከአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ቀድሞ መጠየቅ አለበት። ሦስተኛው ኩሬውን ለዘለቄታው ዝቅ አድርጎ አነስተኛ ኩሬ ይዞ መኖር ነው። አራተኛው ግድቡን በሥርዓት ከፍቶ ወንዙን ወደ ቦታው መመለስ ነው፤ ብዙ ባለቤቶች ይህን ሲሰሙ ያዝናሉ፣ ነገር ግን ለመጠገን አቅም የሌለው ሰው የሚያደርገው ኃላፊነት የተሞላበት ውሳኔ ነው።

የእኔ ምክር ሁለተኛው ነው፤ ከከፍታው ጋር የሚመጣጠን ማስተንፈሻም ይጨመርበት። እስከዚያ ድረስ ግን ኩሬውን በዚህ ወር ውስጥ ከ5 እስከ 6 ጫማ ዝቅ ያድርጉት። ይህ ግፊቱን ይቀንሳል፤ ለጎርፍም ቦታ ይሰጣል፤ ዓሣውንም አይጨርስም። ሲያጎድሉ በቀን ከአንድ ጫማ አይለፉ፤ ውሃው በድንገት ከሄደ በውሃ በኩል ያለው የረሰረሰ ተዳፋት ደጋፊውን አጥቶ ሊንሸራተት ይችላል። ለአሥርት ዓመታት ያልተነካ የብረት መዝጊያ ቢኖር በጉልበት አይክፈቱት፤ ተከፍቶ አልዘጋም የሚል መዝጊያ ኩሬውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ይለቅቀዋል። በግድቡ አናት ላይ በሚተኛ የፕላስቲክ ቱቦ በሳይፈን (ቱቦው አንዴ በውሃ ከተሞላ በኋላ ውሃው አናቱን ተሻግሮ በራሱ እንዲወርድ በሚያደርግ ዘዴ) መምጠጥ ይሻላል፤ የቱቦው ጫፍም ከግድቡ እግር ርቆ ድንጋይ በተነጠፈበት ቦታ ይፍሰስ። ከታች ላሉት ጎረቤቶች አስቀድመው ይንገሩ። መሐንዲስ ሲፈልጉ በጆርጂያ ፈቃድ ያለው መሆኑ አይበቃም፤ የሠራቸውን የአፈር ግድቦች ስም እንዲሰጥዎት ይጠይቁት። ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ ልጆቹ በቋሚው ቱቦ አካባቢ እንዳይዋኙ፤ ውሃ በሚቀበልበት ጊዜ ወደ ውስጥ የሚስበው ኃይል ትልቅ ሰውን ይይዛል።

ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ከበዛ፣ ወይም ከመሬት እየፈላ አሸዋ መትፋት ከጀመረ፣ ሥራው የመሐንዲስ መሆኑ ያበቃል። መጀመሪያ 911 ይደውሉ፤ ቀጥሎ ከታች ላሉት ቤቶች። በግድቡ ላይ ማንም አይቁም፤ ማሽንም አይውጣበት። ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ጊዜ ካለና ከጎን በኩል መቅረብ የሚቻል ከሆነ፣ በሚፈላው ቦታ ላይ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር ይደፋል፤ ሸክላ ወይም ላስቲክ ግን በምንም መንገድ አይደረግም። የነዚያን ቤቶች ስልክ ቁጥር ዛሬ ማታ ሰብስበው ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉት።